ለጎፈንድሚ እንሮጣለን፣ ለተወካያችን አንደውልም

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች አንድ ጠባይ አለን። ሰው ታመመ ከተባለ በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናዋጣለን። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ የቫይበር ግሩፑ ይንጫጫል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፖስታ ይዞራል። ደግ ጠባይ ነው። እኔም ርዳታ አግኝቼበታለሁ። ግን የሕክምናውን ቢል፣ የክፍያ መጠየቂያውን ማለቴ ነው፣ ሰማይ በሚያደርሰው ሕግ ላይ ድምፅ የሚሰጠው የኮንግረስ ተወካያችን ቢሮ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ስልክም አለው። አንደውልም።

ይህን የምጽፈው ለጥምቀት ከመጣሁበት ከደብረ ብርሃን ነው። የጥር ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ከመንዝ ይመጣሉ የተባሉት ዘመዶች በመንገዱ ነገር ቀርተዋል። ከባሶና ወራና የመጡት አጎቴ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ገበሬ ናቸው፣ ገብስና በግ ነው የሚያውቁት፣ የአገራቸው ዕድርም ሰብሳቢ ናቸው። የባለቤቴን መታመም ሰምተው ኖሮ ገና ጠላው ሳይቀዳ «ለመሆኑ ስንት አስወጣችሁ?» አሉኝ። እዚህ «እንዴት ዳነች?» ይቀድማል ብዬ ነበር። አሜሪካ ያለ ሰው ሕመም ምን እንደሚያስከትል ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ አረጋውያን ትንከባከባለች። ኢንሹራንሳችን ሰው «ኦባማኬር» የሚለው፣ መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ የሚገዛው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ሆዷን አጣደፋት። ቅርባችን ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። የሐሞት ጠጠር ነው፣ እዚህ ቀዶ ጥገና የለም ብለው ወደ ሌላ ሆስፒታል በአምቡላንስ ላኳት። እዚያ ተሠራላት፣ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ፖስታው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ሰው ተንፈስ ይላል። ቀጥሎ ቢሉ ይመጣል። የሆስፒታሉ ለብቻ። የቀዶ ሐኪሙ ለብቻ። የሰመመን ሰጪው ለብቻ። ራጅ ያነበበው፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሐኪም ለብቻ። መጨረሻ ላይ የአምቡላንሱ፣ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ።

«ስንት ሰዓት ነዳ?» አለች አክስቴ ከጓዳ።

«ሃያ ደቂቃ።»

«ሃያ ደቂቃ! በዚህ ብር ደብረ ሲና ወስዶ፣ ቆሎ ገዝቶ፣ መልሶ ባመጣት ነበር።»

የአምቡላንሱን ነገር ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ወገን የሚመታው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ። ድንገተኛ ክፍል ገብተህ ያከመህ ሐኪም ከኢንሹራንስህ ጋር ውል ባይኖረው እንኳ ልዩነቱን ካንተ መጠየቅ አይችልም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። በሄሊኮፕተር ከተወሰድክም ይጠብቅሃል። በመሬት የሚሄደውን አምቡላንስ ግን ትቶታል። እኛ የወጣብን እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቀዳዳውን በራሳቸው ሕግ ለመድፈን ሞክረዋል። ኮንግረሱ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም አድርጎ፣ ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በ2024 ምክረ ሐሳቡን አቅርቧል።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ኮሚቴ እዚያም አለ?»

አለ፣ ጋሼ። ኮሚቴ የሌለበት አገር የለም።

የመደወሉን ሐሳብ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። አብራት የምትሠራ አሜሪካዊት «ለኮንግረስ ተወካይሽ ንገሪ» ብላት። እኔ አልጣመኝም። እንዴት ብዬ ነው የቤቴን ዕዳ ለባለሥልጣን የምናገረው? ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይገባዋል። ችግርህን ለጎረቤት ትነግራለህ፣ ለንስሐ አባትህ ትነግራለህ። ለሹም የምትነግረው መሬትህ ሲነካ ብቻ ነው። ይሉኝታው አለ፣ እንግሊዝኛው አለ፣ «ወረቀቴን ቢያዩብኝስ» የሚል ፍርሃትም አለ። ዜግነት ያላቸው እንኳ ይፈራሉ። ለምን እንደሚፈሩ ቢጠየቁ ግን መልስ የላቸውም።

ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ የተማሪ ነው። እነዚህ ቢሮዎች ስልክ የሚያስመልሱት ብዙ ጊዜ በወጣት ተለማማጆች ነው። የምርጫ ካርድ አልጠየቀችኝም፣ ዜግነትም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አድራሻዬን ነው። በወረዳው የምትኖር ከሆንክ የእሱ ሰው ነህ፣ በቃ።

እኔ እንደ አገሬ ጀመርኩ። እንዴት ዋላችሁ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ላስቸግራችሁ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጅቷ በትሕትና ቆየችኝና «ተወካዩ ምን እንዲያደርጉልዎ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። እኛ ስናማርር የለመድነው ሰው «ኧረ አይ! ወይ ጉድ!» ሲልልን ነው። ይህቺ ግን ከንፈር አልመጠጠችልኝም። ምን ይደረግ ነው የምትለው። ቢሉን አነበብኩላት፣ ቀኑን፣ ማይሉን፣ ብሩን። «የመሬት አምቡላንስ በሕጉ ውስጥ ይግባ» አልኳት። ስትጽፍ የኮምፒውተሩ ድምፅ ይሰማኛል። እንዲህ ያለው ጥሪ በየርዕሱ ይመዘገባል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ሰው ስለምን እንደደወለ ለተወካዩ ይቀርባል።

«እና እሳቸውን አላገኘሃቸውም?» አሉ አጎቴ።

«አላገኘኋቸውም።»

«ታዲያ ሽማግሌ ላኩባቸዋ! ቤታቸው ይታወቅ የለ።»

ልጅቷ ግን በዚያ አልተወችኝም። የግለሰብ ጉዳይ ወደሚይዝ ሌላ ሠራተኛ አስተላለፈችኝ። የተወካይ ቢሮ ሁለት ሥራ እንዳለው ብዙዎቻችን አናውቅም። አንዱ ሕግ ነው። ሌላው አንተና የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስትጋጩ መሃል መግባት ነው። ሜዲኬር (የአረጋውያን ጤና መድን)፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ ክፍያ)፣ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ፣ እንዲህ ባለው ጉዳይ ስለአንተ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይጠይቃሉ። ለዚያ ግን ፈርመህ ፈቃድ መስጠት አለብህ። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ ያለ ፊርማህ ፋይልህን አያስነካም። ወረቀቴን ያዩብኛል ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህን ንገሩልኝ።

ሴትዮዋ ግልጽ ነበረች። የግል ሆስፒታልን ማዘዝ አንችልም አለችኝ። ቀጥላ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ነው ወይ? ነው። እንደዚያ ከሆነ በሕግ የተጻፈ የገንዘብ ርዳታ መመሪያ ሊኖረው ግድ ነው፤ ገቢህን አሳይተህ ቅናሽ ወይም ምሕረት መጠየቅ ትችላለህ፤ ከወጣህ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከደረሰህ ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን አለህ አለችኝ። ሆስፒታሉ ይህን በቢሉ ጀርባ ጽፎታል። ፊደሉ ግን ጉንዳን ነው የሚያህለው። በአማርኛ አስተርጓሚም በነጻ እንዲያቀርቡ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤቴ ጠየቀች፣ በስልክ አንድ ወንድማችንን አገናኟት፣ ፎርሙን አብረው ሞሉት።

የሆስፒታሉ ዕዳ ከግማሽ በላይ ወረደልን። የአምቡላንሱ ግን ድርጅቱ ለትርፍ የቆመ ስለሆነ ስንዝር አልተነቃነቀም። በየወሩ እየቆረስን እንከፍላለን። እንዳይሸጡን ነው፤ ለዕዳ ሰብሳቢ ማለቴ ነው።

ዋናው ጉድ የመጣው ግን በበልግ ነው፣ በአሜሪካ በልግ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢንሹራንስ መዋጮውን የሚደጉመው የመንግሥት ድጋፍ ሰፍቶ ነበር፤ በ2022 ደግሞ እስከ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። ማብቂያው ሲቃረብ ዴሞክራቶች ይራዘም፣ ሪፐብሊካኖች መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት ተባብለው መንግሥት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 43 ቀን ተዘጋ።

«መንግሥት ይዘጋል እንዴ?» አሉ አጎቴ። ይህን ለማስረዳት የወሰደብኝን ጊዜ ባልናገር ይሻላል።

ተከፈተ፣ ድጋፉ ግን አልተራዘመም። በዓመቱ መጨረሻ አበቃ። የእኛ ወርሃዊ ክፍያ ዕጥፍ ሆነ። ከዚህም የባሰበት አለ። አሁን ገቢህ ከድህነት መስመሩ አራት ዕጥፍ በአንድ ዶላር እንኳ ካለፈ ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ለ2026 ይህ ለአራት ሰው ቤተሰብ 128,600 ዶላር መሆኑ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ባልና ሚስት ሌት ተቀን ሠርተው ልጆች የሚያሳድጉበት ገንዘብ ነው። በዚያ ሰሞንም ደወልኩ። በዚህኛው ይቅርታውንና እንዴት ዋላችሁን አሳጠርኩት። ስሜ፣ አድራሻዬ፣ የድሮው ክፍያ ይህ፣ የአዲሱ ይህ፣ ድጋፉ ይራዘም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። ስለደወሉ እናመሰግናለን ይላል፣ ፊርማው የማተሚያ ነው። ባለቤቴ «ይህ ነው?» አለች። እሱ ነው። ሕግ በአንድ ሰው ስልክ አይቀየርም። እኛ ግን በዚያ አካባቢ አንድ ሰው አይደለንም፣ ሺዎች ነን፤ የአማርኛ ምልክት የለጠፉ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች እንኳ አሉ።

አጎቴ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና የራሳቸውን አመጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው። ያ ነገር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። በዓመት አንዴ ለቤተሰቡ ይከፍላሉ፣ መታወቂያውን ይዘው ይታከማሉ። መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይሸፍናል። እኔ በልቤ ይህን ለአሜሪካኖች ብነግራቸው ቅናት ይገድላቸዋል እያልኩ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ። «መታወቂያው አለ። ሐኪሙም አለ። መድኃኒቱ የለም። ከውጭ ግዙ ይሉናል። ከውጭ ከገዛሁ መድኑ ምኔ ነው?»

«ለወረዳው ነግረዋል?»

«ስብሰባ ላይ ሁሉም ያነሳዋል። ይታያል ይባላል።»

«ለምክር ቤት ተወካያችሁስ?»

አክስቴ ከጓዳ በሳቅ ፈነዳች። አጎቴ ግን አልሳቁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል እንደሚል ነገርኳቸው። «ይላል?» አሉኝ። ይላል። «ሰውየውን መጀመሪያ ባገኘሁት፣ ማንሳቱ ይቆይ።» እኔም ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም። በአሁኑ ጊዜ፣ በዚህ መንገድና በዚህ ሁኔታ፣ ለገበሬ «ስልክ ደውሉ» ማለት ከሩቅ የመጣ ሰው ምክር ነው። የማደርገውን ግን ነገርኳቸው። መድኃኒት የለም የተባለበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ከውጭ የተገዛበትን ደረሰኝ በአንድ ደብተር መያዝ። የአንድ ሰው ሳይሆን የዕድሩን አባላት ሁሉ። ስብሰባ ላይ «መድኃኒት የለም» ከማለት «በዚህ ወር ይህን ያህል አባወራ ይህን ያህል ብር ከኪሱ አወጣ» ማለት ይሻላል።

«ደብተሩን ማን ይጽፋል?»

«የልጅዎ ልጅ። ዘጠነኛ ክፍል አይደለችም?»

«እሷማ ትጽፋለች» አሉና አረቄያቸውን አነሱ።

እኔም የራሴ የቤት ሥራ አለብኝ። አሌክሳንድሪያ ያለው ዕድራችን ሰው ሲሞት ሬሳ አገር ቤት እስከ መላክ ድረስ ይሸፍናል። ለሕመም ደግሞ ሁልጊዜ ልዩ መዋጮ ነው። ስመለስ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ እንዲያዝልኝ ከአሁኑ ቴክስት አድርጌያለሁ፤ ለተቸገረ ሰው ከማዋጣታችን ጎን ለጎን እያንዳንዱ አባል ስለራሱ ቢል ለተወካዩ እንዲደውል፣ እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ ልጆቻችን አጠገቡ እንዲቀመጡ። ሰብሳቢያችን «ዕድር ውስጥ ፖለቲካ አታስገባ» ብሎ መልሶልኛል። የሆስፒታል ቢል ፖለቲካ ከሆነ ያስገባሁት እኔ አይደለሁም ብዬ ጻፍኩለት። አይቶታል፣ እስካሁን አልመለሰም።