ሳይክሉ ተቀየረ፣ እግሬ አልሰማም

ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚከዳው ዓይን ነው ይላሉ። እኔን የከዳኝ ዳሌዬ ነው።

የምኖረው ሆላንድ፣ ዩትሬክት ከተማ ነው። እዚህ ሀገር ሳይክሉ ከሰዉ ይበልጣል። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሳይክሉ ከ20 ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ «ዳሌዬን አመመኝ፣ ሳይክል ላቆም ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅም አልሰማችኝም። «መንዳቱን አትተው፤ እግርህን በኋላ በኩል ወርውረህ መውጣትና መውረዱን ነው የምትተወው» አለችኝ። መድኃኒቱም መሃሉ ክፍት የሆነ፣ ባለባትሪ ሳይክል መግዛት ነው።

በእኛ አነጋገር፣ የሴት ሳይክል።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ ነው፣ ሳይክል የማይነዳ ልጅ ብርቅ ነው። የተማርነው በሰዓት እየተከራየን፣ ከቁመታችን በሚበልጥ የአዋቂ ሳይክል ነው። ኮርቻው ላይ ስለማንደርስ አንድ እግራችንን ከኮርቻው እስከ መሪው በተጋደመው ብረት ስር አሾልከን፣ ወገባችንን አጣመን ነበር የምንነዳው። ያኔ ያ ብረት ባይኖር ስንቴ ተመኝቻለሁ! እግሬን ወርውሬ ኮርቻው ላይ የወጣሁ ቀን ግን ትልቅ ሰው ሆንኩ። ታናናሾቼን ሁሉ ጠርቼ ነው ያሳየሁት። ስድሳን ካለፍኩ በኋላ ብረት የሌለው ግዛ ስባል ማዕረጌን የተገፈፍኩ መሰለኝ።

ሆላንዶች በዚህ አይጨነቁም። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጎረምሳ የአያቱን ሳይክል እየነዳ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። የሚጨነቀው ሐበሻ ነው። በተለይ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ሁላችንም «መቶ አለቃው» የምንለው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አዲሱን ሳይክሌን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ዞሮ አየው።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቀሚሱስ የታል?»

እዚያ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ እንኳን ፂማቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ።

ይሁን። ሳይክሉን የሸጠልኝ ልጅ አዋቂ ነበር። ሞተሩ 250 ዋት ነው፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እስክትደርስ ያግዝሃል፤ ከዚያ በላይ በራስህ ጉልበት ነው፤ ሕጉም እንደዚያ ነው አለኝ። እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ የሚሰጥ ነዳጅ የለውም። ፔዳሉን ስትረግጥ ይነሳል፣ ስትተው ይተዋል። ቀላል ነው። ችግሩ እኔ ቀይ መብራት ላይ ስቆም አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ ጫን አድርጌ የማሳረፍ የቆየ ልማድ አለኝ። ይህን ልጁ በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው መብራት ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ቆማለች። ከመሪው ፊት ትልቅ ሳጥን ያለው ሳይክል ይዛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ልጆች አስቀምጣ። እግሬን አሳረፍኩ። ሳይክሉ ገብስ እንዳየ በቅሎ ተፈናጠረ። ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨመደድኩት፤ የኋላ ጎማዋን ጎሸም ማድረጌ ግን አልቀረም። ሁለቱ ልጆች አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። ትንሹ ለእናቱ፣ «አያትዬው ቸኩለዋል» አላት።

ደስታም አለው፣ መካድ አይገባም። ሆላንድ ዳገት የላትም፤ በዳገት ፈንታ ነፋስ አላት። ድሮ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ አጎንብሼ እየረገምኩ ነበር የምገፋው። አሁን ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ጠባብ ልብስ ለብሶ በእሽቅድምድም ሳይክል የሚታገል ጎረምሳ አልፌ ሄድኩ። እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት። ሰላምታዬን አልመለሰም።

ዋናው ጉድ የመጣው በጸሎተ ሐሙስ ነው።

ባለቤቴ ለፋሲካ ዶሮ ሽንኩርት ግዛ ብላ ላከችኝ። ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚበላ ለምታውቁ አላብራራም። ሎምቦክ የሚባል ሰፈር፣ ካናልስትራት መንገድ ላይ፣ የቱርክና የሞሮኮ ሰዎች አትክልት ቤቶች አሉ፤ ከሱፐርማርኬቱ ይሻላሉ። አሥር ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በመረብ ከረጢት ገዛሁ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አጋድሜ አሰርኩትና ወደ ቤቴ።

ቤቴ ከቦዩ ማዶ ነው። ለመሻገር የሳይክልና የእግረኛ ድልድይ አለ፤ በ2017 የተከፈተ። ወደ ድልድዩ የሚወጣው መንገድ እየዞረ በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ያልፋል። አዎ፣ ጣሪያው ላይ። ልጆቹ ከታች ፊደል ይቆጥራሉ፣ አንተ ከላይ ፔዳል ትረግጣለህ። ስሙ የዳፍኔ ስኺፐርስ ድልድይ ነው፤ በ2015 እና በ2017 በ200 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን በሆነችው በከተማዋ ልጅ ስም የተሰየመ። ያለዚህ ሳይክል ድሮ እዚያ ስደርስ ትንፋሼ ይቆረጥ ነበር። ያን ዕለት እያፏጨሁ ነው የወጣሁት።

አናቱ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። ቆምኩና አነሳሁ።

«ሽንኩርቱን አገኘህ?»

«ይዤ እየመጣሁ ነው» እያልኩ ልወርድ እግሬን ወደኋላ ወረወርኩ።

ፊት ለፊቴ እንደ ልብ የሚታለፍ ክፍት ቦታ አለ። ብዙ ብር የተከፈለው ለዚያ ክፍት ቦታ ነው። እግሬ ግን ከባሕር ዳር ጀምሮ በሚያውቀው መንገድ ሄደ። የጫማዬ ጫፍ ሽንኩርቱን መታና መረቡ ውስጥ ገባ። መረቡም ያዘው።

አሁን አስቡት። አንድ እግሬ መሬት ላይ ነው፣ አንዱ ከሽንኩርት ጋር ታስሯል። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ከነባትሪው 25 ኪሎ የሚያልፍ ሳይክል ይዣለሁ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ሳይክሉን ልደግፍ ሞከርኩ። ሳይክሉ ዘመመ፣ እኔም አብሬ ዘመምኩ። መረቡ ተቀደደልኝ፤ እግሬም ሽንኩርቱም አንድ ላይ ነፃ ወጣን።

ቀይ ሽንኩርት ቁልቁለት ላይ እንዲህ እንደሚፈጥን አላውቅም ነበር። ፍሬው ሁሉ ተከታትሎ በመጣሁበት መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደ። የሚወጡት ሳይክሎች ግራና ቀኝ እያጠፉ ደወል ይደውላሉ። ከኋላቸው ያሉት ለምን እንደሚደወል ሳያውቁ እነሱም ይደውላሉ። ከታች ልጆቹ አይተው ጩኸታቸውን ለቀቁት። አንዱ ሽንኩርት በአጥሩ ስር ሾልኮ ሳሩ ላይ ሲያርፍ አጨበጨቡ።

ስልኩ አልተዘጋም።

«የምን ደወል ነው?» አለች ባለቤቴ። «ቤተ ክርስቲያን ገባህ እንዴ? ደግ አደረግህ። ለኔም ጸልይልኝ።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁ።

አንድ ተማሪ ሳይክሉን አቁሞ ይለቅምልኝ ጀመር። ሌላዋ ሳትወርድ በመንዳት ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ አንዱን አፈፍ አድርጋ ሰጠችኝ፤ እነዚህ ሰዎች ከእናታቸው ማህፀን በሳይክል ሳይወጡ አይቀሩም። ከዚያ ሰማንያ የሚሆናቸው እናት መጡ። ሳይክላቸው የኔው ዓይነት ነው። ኮርቻቸውን ለቀው አንድ እግራቸውን በክፍቱ አሳለፉና ቆሙ፣ በቃ። ምንም ግርግር የለም።

«አንተ ወጣት፣ እዚህ ጋ እኮ ብረት የለም» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ።

ወጣት! ከወደቀው ሽንኩርት ሁሉ በላይ ያቺ ቃል አጽናናችኝ።

«አውቃለሁ፣ እግሬ ነው ያላወቀው» አልኳቸው።

ሳቁ። ባለቤታቸውም እንዲሁ ያደርግ ነበር አሉ። እሱ ግን የመታው ሽንኩርት አይደለም፤ ከኋላ ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠ ውሻቸውን ነው። ውሻው ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ካለበት ሳይክል ላይ አልወጣም አለ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ለእኛ ዕድሜ ሰዎች የባለባትሪ ሳይክል ልምምድ እንደሚሰጥ ነገሩኝ። መሪዬ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍም አሳዩኝ። እሷን ተጭነህ ከያዝክ ሳይክሉ ከጎንህ በእግረኛ ፍጥነት ራሱን ይገፋል፤ በሰዓት እስከ 6 ኪሎ ሜትር። ሻጩ ነግሮኝ ይሆናል፤ እኔ ያን ሰዓት ስለ ቀሚሱ እያሰብኩ ነበር።

የተረፈውን ሽንኩርት በጎን ቦርሳዎቹና በጃኬቴ ኪስ ሞልቼ ቁልፏን ተጫንኳት። በዓለም ሻምፒዮን ሯጭ ስም በተሰየመው ድልድይ ላይ ሳይክሌ እየጎተተኝ ተሻገርኩ።

ባለቤቴ ሽንኩርቱን መክተፊያው ላይ ዘረገፈችው። አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ማን ነው የደበደበው?»

«ጉዞ ነው።»

«ጎማ ሄዶበታል እኮ!»

ወጡ ግን ግሩም ነበር። መቶ አለቃው ራሱ ሁለቴ አስጨምሯል፣ በመሃልም ስለ ቀሚሱ መጠየቁን አልተወም።

ከበዓሉ በኋላ ወደ ልምምዱ ሄድኩ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አስተማሪዋ የእኛ ዕድሜ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፍጥነት ሲነዳ ሳይሆን ሲወጣና ሲወርድ ነው አለችን፤ ትምህርቱም ከመውረድ ጀመረ። ግራ ቀኝ ሳይ ከመጨረሻው መስመር አንድ ሰው የራስ ቁሩን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። የያዘው መሃሉ ክፍት፣ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ከፊቱም ቅርጫት ያለው ሳይክል ነው። ጠጋ አልኩ።

«መቶ አለቃ?»

ደነገጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የባለቤቴ ነው» አለኝ። «ልሞክርላት ብዬ ነው።»

ባለቤቱን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ሳይክል ላይ ወጥታ አታውቅም።