ክሽክሽ ስቆጥር የከረምኩባቸው ዐሥር ሳምንታት

ከባሕር አረም የተሠራውን ፈሳሽ በገዛሁ ዕለት፣ በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «የክሽክሽ ገዳይ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ክሽክሽ የተክል ጭማቂ እየመጠጠች የምትኖር ደቃቃ ተባይ ናት። በስድስተኛው ሳምንት «ገዳይ» የሚለውን ቃል ሰረዝኩት። ጠርሙሱን ግን አልጣልኩትም። በመካከሉ የሆነውን ላካፍላችሁ፤ ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ ቢያንስ የእኔን ስሕተት አትደግሙትም።

የምንከባከበው ሁለት መደብ ፎሶሊያና ከአጥር ጥግ ያሉ ጥቂት የእንጆሪ ችግኞችን ነው። ባለፈው ወቅት ጠንካራ ፀረ ተባይ ረጭቼ ክሽክሹን ከነጥንዚዛው አጥፍቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደተመለሰ ትገምታላችሁ። ክሽክሽ ለመራባት ወንድ መጠበቅ የለባትም፤ በምቹው ወቅት እንቁላል ሳትጥል ሴት ልጆችን በቀጥታ ትወልዳለች፤ ልጆቹም በሞቃት ቀናት በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ውስጥ ራሳቸው ወላጅ ይሆናሉ። እርሷን እየበላች የምትኖረው ጥንዚዛ ከእንቁላል ተነሥታ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅባታል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚገድል መድኃኒት ለክሽክሽ ውለታ መዋል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የደስታ ነበሩ። የገዛሁት ፈሳሽ አስኮፊለም ኖዶሰም ከሚባለው ቡናማ የባሕር አረም የተሠራ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ጠረፎች ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 3 ሚሊ ሊትር በጥብጬ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ የመርጫውን አፍ ከቅጠል በታች አዙሬ ረጨሁ። በሦስተኛው ቀን ክሽክሹ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ወዲያው ለእናንተ፣ ለአትክልተኛ ወዳጆቼ፣ ጻፍኩ፤ እንኳን ደስ አለህ ተባልኩ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ግን አንድ መስመር ብቻ መለሰልኝ፦ «ውሃ ብቻ ቢረጭስ?»

ተናደድኩ። ከዚያ አሰብኩበት። ክሽክሽ ቀጭን አፏን ተክሉ ውስጥ ሰክታ የምትመጥ ለስላሳ ፍጥረት ናት፤ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ከተመታች ትወድቃለች፤ ከወደቁት ብዙዎቹ ደግሞ ተመልሰው አይወጡም። ያ ሁሉ ደስታዬ የመርጫው ግፊት ሥራ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ መደቦቹን ለየኋቸው። አንዱ የባሕር አረም፣ ሌላው በዚያው መርጫና በዚያው ግፊት ንጹሕ ውሃ። በእያንዳንዱ መደብ 10 ቅጠል ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፤ በየአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በማጉያ መነጽር ቆጠርኩ። እንጆሪዎቹንም ግማሽ በግማሽ ከፈልኳቸው። መቁጠር አሰልቺ ነው። ቆጥሬ ባላየው ኖሮ ግን እስከ ዛሬ «ገዳይ» እያልኩ ነበር።

በክሽክሹ በኩል ያየሁት ልዩነት ትንሽ ነው። የውሃው መደብ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከሌላው ጋር እኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የባሕር አረሙ መደብ በጥቂቱ ያነሰ ክሽክሽ ይዞ ዘለቀ። በሁለት መደብ ብቻ ይህን ማስረጃ ብዬ አልከራከርበትም።

እንጆሪው ላይ ያየሁት ሌላ ነው። እዚያ ያለው ተባይ ባለ ሁለት ነጠብጣቧ ቀይ ሸረሪት ናት። ስሟ ቀይ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ቢጫ ናት፤ በግራና በቀኝ ጎኗ ጥቁር ነጥብ አላት። እግሯ ስምንት ስለሆነ ከነፍሳት ወገን አትቆጠርም፤ ነፍሳትን የሚገድሉ ብዙ መድኃኒቶች የማይነኳትም በከፊል ለዚህ ነው። ቁመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው ጉዳቷ ነው፤ ቅጠሉ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስል ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል። ቅጠሉን ገልብጬ ማጉያውን ሳስጠጋ፣ ከዋናው ጅማት ሥር እንደ መስታወት ዶቃ የጠሩ ክብ እንቁላሎች፣ በላያቸው ደግሞ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ተጋርዶባቸው አገኘሁ። አንዲቱ ክሩ ላይ እየተራመደች ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለመቁጠር ሄጄ ሩብ ሰዓት ስመለከት ቆየሁ።

በስምንተኛው ሳምንት በውሃ ብቻ በተረጩት እንጆሪዎች ላይ ድሩ ወደ አዲሶቹ ቅጠሎች ወጥቶ ነበር፤ የባሕር አረም ባገኙት ላይ ግን ታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ቀርቷል። ይህን ካየሁ በኋላ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት አገኘሁ፤ እንጆሪ ላይ የአስኮፊለም ፈሳሽ ሲረጭ የዚችው የሸረሪት ቁጥር መቀነሱን ይዘግባል። ብቻዬን አለማበዴን ሳውቅ እፎይ አልኩ።

ታዲያ ካልገደለ ምን ያደርጋል? እኔ እንደገባኝ ሥራው ከተባዩ ይልቅ ከተክሉ ጋር ነው። በቡናማ የባሕር አረም ውስጥ ላሚናሪን የሚባል ስኳር መሰል ውሁድ አለ፤ አሠራሩ በሻጋታ ገላ ላይ ካለው ውሁድ ጋር ይቀራረባል። ተክሉ ይህን ሲቀምስ ጠላት የመጣበት መስሎት መከላከያውን ይቀሰቅሳል። ለዚህ ነው ላሚናሪን ተለይቶ ወጥቶ በአውሮፓ ኅብረት በተክል መከላከያነት የተፈቀደው፤ አገልግሎቱ ግን በዋናነት የሻጋታ በሽታዎችን ለመቋቋም ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሙሉው ጭማቂ በሌላ መዝገብ ነው የሚሸጠው፦ የዕድገት አነቃቂ ተብሎ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኅብረቱ የማዳበሪያ ደንብ መሠረት አነቃቂ የሚባለው ተክሉ ምግብን እንዲጠቀምና ሙቀትን ወይም ድርቀትን እንዲቋቋም የሚረዳ ነገር ነው፤ ተባይ መግደል ከትርጉሙ ውስጥ የለም። የእኔ ጠርሙስ መለያ ላይም «ተባይ ይገድላል» የሚል ቃል የትም አልነበረም። እኔው ነኝ የጻፍኩበት።

ሌላም የዘነጋሁት ነገር ነበር። የባሕር አረም ናይትሮጅኑ በጣም አነስተኛ ነው። ይህን ፈሳሽ ስጀምር ናይትሮጅን የበዛበትን ማዳበሪያ ትቼ ነበር፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ቀንበጡ ይለሰልሳል፣ ክሽክሽ የምትመጠው ፈሳሽም ይበለጽጋል። ከምስጋናው ሲሶው ላልረጨሁት ነገር ሳይገባ አይቀርም።

አሁን ስለ ቤት ውስጥ ሙከራዬ፤ ልትስቁ ትችላላችሁ። አንድ ወዳጄ ከባሕር ዳርቻ ሲመለስ አንድ ከረጢት የደረቀ አረም አመጣልኝ። በውሃ ዘፍዝፌ በርሜሉን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት፤ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነበረብኝ። በዘጠነኛው ቀን ስከፍተው የወጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከግቢው አስወጣኝ። አየር ሲያጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመነጫል፤ ጋዙም መርዛማ ስለሆነ አንገታችሁን በርሜሉ ላይ አትድፉ። እንዲያም ሆኖ አጣርቼ ረጨሁት። መጀመሪያ የመርጫው አፍ ተደፈነ፤ አልጂኔት የሚባለው ልጋግ መሰል ነገር ነው የዘጋው። ቀጥሎ በሁለት ቀን ውስጥ የፎሶሊያው ቅጠል ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ። ጨዉን ሳላጥብ ነበር የዘፈዘፍኩት። የምትሞክሩ ካላችሁ መጀመሪያ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ቡናማ የባሕር አረም አርሴኒክንና ከባድ ብረታ ብረቶችን ስለሚያከማችም ከየት እንደተሰበሰበ ሳታውቁ በየወቅቱ ለምትበሉት አትክልት ባታፈሱት ይሻላል። እኔ ወደ ጠርሙሱ ተመልሻለሁ።

ባለፈው ተባይ ለመከላከል የሚነሰነሰው የዲያቶማይት ዱቄትም ከባሕር አረም ይቆጠር እንደሆነ ለጠየቀው ወዳጃችን፦ እርሱ የባሕር አረም አይደለም። በአንድ ሕዋስ ብቻ የተሠሩ የጥንት አልጌዎች ቅሪት ነው። የሚሠራውም የነፍሳትን የሰም ሽፋን እየፋቀና እየመጠጠ በማድረቅ ነው፤ ስለዚህ ከረጠበ አይረባም። ስትነሰንሱት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አበባ ላይ አታድርጉት፣ ንብንም አይምርም።

በመጨረሻው ሳምንት ያየሁትን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጉንዳኖች የፎሶሊያውን ግንድ እንደ እረኛ ሲወጡና ሲወርዱ ነበር፤ ክሽክሽ ለምታወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሉ ከጠላት ይጠብቋታል። ግንዱ ላይ የሚያጣብቅ ጨርቅ ጠመጠምኩ፤ መንገዱ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ቀይ ክር ካሰርኩባቸው ቅጠሎች በአንዱ ላይ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ትንሽ አዞ የሚመስል እጭ ክሽክሽ ሲውጥ አገኘሁት። የጥንዚዛ ልጅ ነው። ባለፈው ወቅት ቢሆን ተባይ ነው ብዬ እጨፈልቀው ነበር። ስምንት ጊዜ የባሕር አረም በረጨሁበት መደብ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ምንም አልሆነም።

ለሚቀጥለው ዙር ሦስተኛ መደብ ጨምሬያለሁ፤ ውሃም ሆነ ሌላ ነገር የማይረጭበት። የውሃውና የባሕር አረሙ መደብም ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የመጀመሪያው የባሕር አረም መደብ ከአጥሩ ጥላ ሥር እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነውና። ክሮቹን ዛሬ ጠዋት አስሬያለሁ። የመጀመሪያው ቆጠራ ቅዳሜ ነው።