ኤምባሲም ዕዳ አለበት

ለገጣፎ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ለአንድ ኤምባሲ ወንበርና ጠረጴዛ ሠርተው አስረከቡ። ቀሪው ሒሳብ ግን አልተከፈላቸውም። «ልጄ፣ የሰው አገር መንግሥት እንዴት ይከሰሳል?» አሉኝ።

በብዙ አገሮች ሕግ ይከሰሳል። መንግሥት እንደ ማንኛውም ነጋዴ ገበያ ከገባ፣ ለዚያ ንግድ ያለመከሰስ መብት የለውም። አሜሪካ ይህን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ እንግሊዝ በ1978። አርጀንቲና በቦንድ ዕዳ ስትከሰስ ቦንዱን ያወጣሁት ገንዘቤን ለማረጋጋት ነው ብላ ተከራክራ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 አልተቀበላትም። የሚታየው የድርጊቱ ዓይነት እንጂ ዓላማው አይደለም አለ። ትክክል ነው! ወንበር ገዝቶ አለመክፈል ከሉዓላዊነት ጋር ምን አገናኘው?

ከባዱ ፍርዱን ማስፈጸም ነው። አገሮች ስለ ዲፕሎማሲ ግንኙነት በተፈራረሙት የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 22 መሠረት የኤምባሲ ግቢም ሆነ በውስጡ ያለ ዕቃ በፍርድ አይያዝም። የጋሼ ወንበሮች አንዴ በሩን ካለፉ አለቀ። ይሄ ያንገበግበኛል። ለኤምባሲ የምትሠሩ ሁሉ፣ ያለመከሰስና ከፍርድ አፈጻጸም የመጠበቅ መብቱን መተዉን ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉ። ትልቁን ክፍያ ደግሞ ዕቃው ሳይጫን ተቀበሉ።