ቀዩን ለብቻ

ሐዋሳ የሄድኩት ለክርስትና ነው። የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ድግሱ ደመቅ ያለ ነበር፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ጨርቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሌሊቱ ላማርር። የዘመድ ቤት ሞልቶ ስለነበር ሆቴል ያዝኩ፣ በ900 ብር። ከታች ጭፈራ ቤት እንዳለ የነገረኝ የለም። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልጋዬን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። አጎበሩ ደግሞ በራስጌ በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። እኛ ጋ ብርዱ ከቢምቢ ይጠብቀናል፤ የብርዱን ጥቅም ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው። 7 ሰዓት ላይ ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ከቦርሳዬ መርፌና ክር አውጥቼ የሆቴሉን አጎበር ሰፋሁ። ሌላው ሰው ቻርጀር ሳይዝ እንደማይወጣው እኔም መርፌ ሳልይዝ አልወጣም።

ጠዋት ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ነገርኩት። ትንሽ ይቀንስልኛል ብዬ ነበር። «እግዜር ይስጥልን፣ እማማ» ብሎ ደረሰኙን ሰጠኝ። እማማ! 51 ዓመቴ ነው።

ከዚያ ወደ አሞራ ገደል። ባጃጁ 150 ብር አስከፈለኝ። ስመለስ ከሰው ጋር ተጋርቼ በ20 ብር ተመለስኩ። አነጋገሬ አሳብቆብኝ መሆን አለበት።

ሰው አሞራ ገደል የሚሄደው አሳ ሊበላ ነው። እኔም በላሁ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣ ጋር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዕቁብ እንደሚጠብቅ ሰው ዙሪያችንን ቆመው አንገታቸውን ቀብረዋል። ዓይኔን የያዘው ግን ከጀልባዎቹ አጠገብ መረብ የሚጠግን ወጣት ነው። የመረቡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ፣ አንድ በአንድ ይቋጥራል። አጠገቡ ተቀምጬ የአጎበሩን ነገር አወራሁት። «እንዴት ሰፋሽው?» አለኝ። አሳየሁት። ሳቀ። «ይሄ እኮ አንዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይተረተራል» አለ። እሱ እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው ነው የሚቋጥረው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይከተለውም። አርባ ዓመት መርፌ ይዣለሁ፤ ትክክል ነበር። ሆቴሉ ተመልሼ ልፍታው ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ «እማማ» ትዝ አለኝና ተውኩት።

አርባ ዓመት ስል ማጋነን አይደለም። የጀመርኩት ከአያቴ ነው። አያቴ የመንዝ ሰው ናት። መንዝ ሰው የሚለብሰው የበግ ጠጉር ባና ነው። እሷ ግን ከባናው ሥር ሌላ ነገር ነበራት፤ ያለቀ ልብስ ባለቀ ልብስ ላይ ደራርባ የሰፋችው ድሪቶ። ስሙ ራሱ ያሳፍራል። «ድሪቶ ለባሽ» ማለት ስድብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባናውን ትጎትትበትና ትሸፍነዋለች። እኔ ደግሞ ሥሩ ገብቼ ቁራጮቹን በጣቴ እከተላለሁ። ይሄ የአያቴ ባል የካኪ ኮት፣ ይሄ የእናቴ ቀሚስ፣ ይቺ የእኔ ዩኒፎርም ኪስ።

ካደግኩ በኋላ ነው ፈረንጆች ኪልት እንደሚሉት የሰማሁት። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለ። ሴቶቹ ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፉት እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣለት። አያቴ ይህን ብትሰማ «ፈረንጅ ጤናም የለው» ትል ነበር።

ልብስ ሰፊውን ያገኘሁት ገበያው አካባቢ፣ በረንዳ ላይ ነው። በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር፣ ከሥሩ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ። ሰባ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ትውልዳቸው ከጨንቻ በኩል ነው፣ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ከማዳበሪያው አፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። እግሬ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይሸጡታል?»

«ለትራስ ነው?» አሉ። የሚገዙት ሰዎች ለትራስ ሙሌት ነው የሚወስዱት።

ከቁርጥራጭ ቀጣጥዬ የምሰፋውን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብዙ አዩት። «ድሪቶ ነዋ!» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ደግሞ፣ «በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል?»

ለደብረ ብርሃን ነው አልኳቸው። አሠራሩን ጠየቁኝ። ሦስት ድርብ ነው። ከላይ የተቀጣጠለው ፊት፣ ከመሃል ሙሌት፣ ከታች ገበር። ከመሃል ያረጀ ጋቢ ነው የማደርገው። «ባዘቶ አይሻልም?» አሉ። ባዘቶ ይሞቃል፣ ግን ሦስቱ አንድ ላይ ጠበቅ ተደርገው ካልተሰፉ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ጋቢ የትም አይሄድም። እሳቸው የተቹት ቁራጮቼን ነው። ፎቶውን አጉልተው «እዚህ ጋ ሰርቀሻል» አሉ። እውነት ነው። በየስፌቱ 2 ሚሊሜትር ከተዛነፈ አሥረኛው ላይ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። እኔ ሲጠብ በካውያ እለጥጠዋለሁ። የታዘበኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ማዳበሪያውን ዘረገፉትና የየአንዷን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። ይቺ የአንዲት መምህርት መጋረጃ። ይቺ የሙሽራ ሚዜዎች፣ ሰርጉ ግን ቀርቷል። ይቺ ሳባ ጥለት ያላት ለልጅ ተብላ ተሰፍታ የጠበበች። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ቡናም ተጠጣ። ለሁሉም 200 ብር አሉኝ፤ 250 ሰጥቼ መልሱን ተውኩት። ስነሣ «ቀዩን ለብቻ ዘፍዝፊው» አሉኝ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ጎረቤት መጣች። በ2008 ሐምሌ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ትሠራለች። ደስ ብሎኝ ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ነው የምትሰፋው። «ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም» አለችኝ። ማዳበሪያዬን ከፍቼ አሳየኋት። አንድ ቁራጭ አንሥታ ጠርዙን በጥፍሯ ላጥ አድርጋ «ይሄ አርቴፊሻል ነው፣ ካውያ ያቀልጠዋል» አለች። እኔ ጥጥ መስሎኝ ነበር።

በመመለሻው መኪና ረዳቱ ለማዳበሪያው 100 ብር ጭነት አለኝ። ጨርቅ ነው ስለው «ጨርቅ ከሆነማ እግርዎ ሥር ያድርጉት» አለ። እስከ ሞጆ እግሬን ሰቅዬበት ሄድኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከሐዋሳ አቮካዶ ነበር የጠበቀችው። ማዳበሪያውን ስትከፍት ፊቷን አየሁት፤ እንግዳ ሲመጣ አያቴ የምታሳየው ፊት ነው። ምንም አላልኩም። የጥጥ ጨርቅ ሳይታጠብ አይቀጣጠልም፣ አንዱ ሲኮማተር አንዱ ሳይኮማተር ይጨማደዳልና፣ በማግሥቱ ሳፋ አወጣሁ። ደክሞኝ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ ዘፈዘፍኩት።

ቀዩ ለቀቀ። የመምህርቷ መጋረጃ ነጭ ነበረች፤ አሁን ሮዝ ናት። መሃል ላይ አድርጌያታለሁ።