የአሠልጣኝ ጉልበት

ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴኳንዶ የማስተምርበት ኪራይ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ዓይኗ ቦርጬ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ወንድሜ፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ራስዎ ይሠራሉ?»

«እንዴታ!» አልኳት። ዋሽቼ ነው።

ግራ ጉልበቴን ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ከተጎዳሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልኝ የስድስት ሳምንት ዕረፍት ነው። ስድስቱን ሳምንት ሁለት ዓመት ያደረግኩት እኔ ነኝ። 14 ኪሎ ጨመርኩ። ማስተማሩን ግን አላቆምኩም። እቆጥራለሁ፣ አርማለሁ፣ ምት የሚያርፍበትን ፓድ እይዛለሁ። የአሠልጣኝ ሥራ በዓይን ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜው ነበር። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሜዳ ገብቶ ይሮጣል እንዴ?

እዚህ አገር ደግሞ ለዚህ ምስክር አይጠፋም። ልጅ ሆኜ አያቴ ሰፈር አንድ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በስተርጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። መደብ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የተማሪውን የእግር ኮቴ ይሰማሉ። አንዷ እርምጃ ከዜማው ከቀደመች «ድገመው!» ይላሉ። ማን ነው እሳቸውን አያስተምሩም የሚል? እኔም በሳቸው ተጽናናሁ። አንድ ነገር ግን ዘንግቻለሁ። ከፊት ቆሞ እንቅስቃሴውን የሚያሳይ የበሰለ ተማሪ ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር። እኔ ጋ ማንም አልነበረም። የሚያዩት እኔን ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ አረንጓዴ ቀበቶ ያላት የ12 ዓመት ልጅ «ማስተር፣ ጉልበቴን ያመኛል» አለችኝ። (በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በአይቲኤፍ፣ ሥርዓት ማስተር የሚባለው 7ኛ ዳን፣ ማለትም ሰባተኛው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። እኔ ገና 3ኛ ዳን ነኝ። ልጆቹን ግን ማስተው አልቻልኩም።) ዶልዮ ቻጊ፣ በጎን ዞሮ የሚመጣውን የእግር ምት፣ ምቺ አልኳትና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የቆመችበትን እግር አየሁ። የሚመታው እግር በጎን ዞሮ ሲመጣ የቆመው እግር አብሮ መዞር አለበት። ተረከዙ ወደሚመታው ነገር እስኪያይ ድረስ። የእሷ ተረከዝ መሬቱ ላይ እንደ ችንካር ተተክሏል። ዳሌዋ ዞረ፣ እግሯ ቀረ፣ መጠምዘዙ በሙሉ መሃል ላይ ያለው ጉልበቷ ላይ አረፈ። ጉልበት ደግሞ ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም።

ሌሎቹን አሰለፍኳቸው። ከአሥራ አንዱ የዘጠኙ ተረከዝ አይዞርም።

በየቀኑ «ተረከዝ! ተረከዝ ይዙር!» እያልኩ እጮሃለሁ። ታዲያ ከየት አመጡት? ማታ ቤቴ መስተዋት ፊት ቆሜ ለነሱ እንደማሳየው አድርጌ መታሁ። የገዛ ግራ ተረከዜ ንቅንቅ አላለም። ጉልበቴን እንዳያመኝ ስሸሽ፣ ሳላውቀው፣ ሳልዞር መምታት ለምጃለሁ። ልጆቹ አፌን ሰምተዋል። የቀዱት ግን እግሬን ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ማሟሟቂያው ድሮ 15 ደቂቃ ነበር። ቀስ በቀስ 5 ደቂቃ ሆኗል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ጠዋቷ ብርድ ነው፣ አየሯም ሳሳ ያለ ነው። አብሬያቸው ስዘል ትንፋሽ ያጥረኝ ስለነበር ቶሎ ወደ ምት እገባለሁ። እኔ ስለደከመኝ እነሱ ሳይሞቁ ይመታሉ ማለት ነው። ፓዱም እንደዚያው። አንድ የ17 ዓመት ጎረምሳ ሦስተኛው ዙር ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲመታ፣ የያዘው ሰው ክንዱ ዝሎ ፓዱ ዝቅ ካለ የልጁ እግር የሚያገኘው ክርን ነው።

በማግስቱ የድሮ አሠልጣኜ ጋ ደወልኩ። ባሕር ዳር ናቸው፣ 60 ዓመት አልፏቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ከወገብ በላይ መምታት ካቃተህ ተወው፤ ማንም አይጠይቅህም። እስከ ወገብ ያለውን ግን አታጭበርብር» አሉኝ። እሳቸው አሁንም በየጠዋቱ ቾን ጂን ይሠራሉ። ጀማሪ የሚማረውን፣ 19 እንቅስቃሴ ያለውን ተከታታይ ልምምድ። ቀስ አድርገው፣ እያንዳንዱን እየጨረሱ።

ስለዚህ የአሠልጣኝ የሰውነት አቋም ለተማሪው ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ ያመጣል እላለሁ። ዘሎ መምታት አይጠበቅበትም። ከተማሪው በላይ መፍጠንም አይጠበቅበትም። ሰውነት ይደክማል። ከ30 ዓመት በኋላ ሰውነታችን ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ልምምድ ያላቋረጠ ሰው ግን ቅነሳው ይዘገይለታል። በዕድሜም ሆነ በጉዳት የደከመ ሰውነት አያሳፍርም። የኔ ግን ደክሞ አልነበረም። ትቼው ነው። ይህን ልጆች ወዲያው ያውቁታል፣ ያቺ እናትም በር ላይ ቆማ አውቃዋለች።

አሁን ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ልምምድ፣ ያኔ የተውኩትን፣ አንድ በአንድ እሠራለሁ። ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ማሟሟቂያው ወደ 15 ደቂቃ ተመልሷል፣ እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሬያቸው ነኝ። ያቺን እናት ልጇን ልታደርስ ስትመጣ ያን ቀን ዋሽቻት እንደነበር ነገርኳት። ልጁ ዛሬም ይመጣል።

የልጅቷ ጉልበት ዳነ። አሁን ከፍ ያለውን ምት ከፊት ቆማ የምታሳየው እሷ ናት። እኔ የወገቡን አሳያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስመታ ቁጭ ብላ የቆመ እግሬን አጎንብሳ አየችው።

«ማስተር፣ ዞሯል» አለችኝ።