የኋላ ወንበር ችሎት

ጉዞው የሚጣ ነው፤ እኛ አጃቢዎች ነን። ሚጣ ድመት ናት። ባለቤቷ ጓደኛዬ ሥራ ቀይራ ሌላ ከተማ ልትገባ ነው። ዕቃዋ በጭነት መኪና ቀድሟል። የቀረነው ሚጣ፣ እሷ፣ እኔና መሪውን የያዘው ጓደኛችን ነን። ሦስታችን ድሮ አንድ ቤት ተከራይተን ስለኖርን አንዱ የሌላውን ጉድ አብጠርጥሮ ያውቃል። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ለሚጣ የተደረገው ዝግጅት ለሙሽራም አይደረግ። ሳጥኗ ከቀናት በፊት በሩ ተከፍቶ ሳሎን ተቀመጠ፤ እንድትለምደው። የምትተኛበት ጨርቅ ሳይታጠብ ከነሽታው ገባላት። ጠዋት ምግብ ተከለከለች፤ ሆዷ ሞልቶ ከተሳፈረች ማስመለሷ አይቀርም። ከዚያ ሳጥኑ ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታሰረ፤ ዙሪያዋን እያየች እንዳትደነግጥም ስስ ጨርቅ ተጣለበት። እኔን ቁርስ በልተሃል ወይ ያለኝ ሰው የለም።

ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጀመረች። ረጅም፣ የተጎተተ፣ ሰው የበደላት የሚመስል ጩኸት።

«ለማን ነው የምትጮኸው?» አለ ሹፌራችን።

«ለኛ ነዋ» አለች ባለቤቷ። «ትልልቅ ድመቶች እርስ በርስ ሚያው አይባባሉም ማለት ይቻላል። ግልገል ሲሆኑ ለእናታቸው ነው፤ ካደጉ በኋላ ለሰው ነው።»

«እንደዚያ ከሆነማ ዝም ማለት ነውር ነው» ብሎ ለእያንዳንዷ ሚያው መልስ መስጠት ጀመረ። «እሺ እመቤቴ።» «ትንሽ ነው የቀረን።» «አይ፣ እሱን እንኳን አልሰማሁም።» ትንሽ ነው የቀረን ሲላት ገና አንድ አሥረኛውን አልነዳንም። እሷም ያመነችው አልመሰለኝም።

የባቡር ሐዲድ ስናቋርጥ ታማን አነሳንላት። ታማ ጃፓን ውስጥ ኪሺ በሚባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 የጣቢያ አለቃ ተብላ የተሾመች ድመት ናት። ባርኔጣ ሁሉ ተሰፍቶላት ነበር። እስከሞተችበት እስከ 2015 ድረስ እሷን ብሎ የሚመጣው መንገደኛ ብዙ ነበር። «ሰምተሻል? የሙያ አጋሮችሽ የት እንደደረሱ!» አላት ሹፌሩ። ሚጣ ዝም አለች። ምናልባት ነክቷት ይሆናል።

ማደያ ቆመን ነዳጅ ቀዳን፤ ውሃም ጠጣን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ጠማማ መታጠፊያ ላይ ጓደኛዬ ጮኸች። ቀሚሷ ረጥቧል።

«ሚጣ! ሸናሽብኝ?»

አሸተትኩት። ውሃ ነው። ኮዳው ወንበሩ ሥር ተጋድሟል፤ ክዳኑ ሳይጠብቅ። ሚጣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ናት። መጨረሻ ላይ የጠጣው ደግሞ ሹፌራችን ነው። ነገሩ ምርመራም አያስፈልገው።

«ይቺ ምስኪን ገና ሳትነካው ተፈረደባት» አልኩ።

«ቡቺ ቢሆን ፊቱ ራሱ ያሳብቅበት ነበር» አለች። ቡቺ የድሮ ውሻዋ ነው። «መነፅርህን የበላ ቀን ትዝ ይልሃል?»

እንዴት ይረሳል! መነፅሬ አንድ እግሩ ተገንጥሎ፣ አንድ መስታወቱ ወልቆ ቡቺ ከሚተኛበት ብርድ ልብስ እጥፋት ውስጥ ተገኘ። እሷ ጣቷን ቀስራ «ማነው ይሄን ያደረገው?» ስትለው ቡቺ ጆሮውን ወደኋላ ለጠፈ። ጭራውን እግሮቹ መሃል ወሸቀ። ዓይኑን ከኛ አሽሽቶ ግድግዳውን እየታከከ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ለብዙ ቀን ሶፋ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ።

እዚህ ላይ ያነበብኩትን ነገር ማምጣት ነበረብኝ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ የጥፋተኛ ፊት ፈትናዋለች። ባለቤቶች ውሾቻቸውን ምግቡን እንዳትነካ ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ። ሲመለሱ በላ ወይም አልበላም ተብሎ ይነገራቸዋል፤ አንዳንዴ እውነቱ፣ አንዳንዴ ውሸቱ። ውሻው ያንን ፊት የሚያሳየው ስላጠፋ ሳይሆን ስለተቆጡት ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ምንም ሳይነኩ የተቆጧቸው ውሾች ይበልጥ ጥፋተኛ ይመስሉ ነበር።

መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። ሹፌራችን የመስታወት መጥረጊያውን አበራ። ዝናብ ግን አልነበረም። መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«አንተ!» አለች ጓደኛዬ።

«ቆይ ልናገር። ሶፋው ላይ ቁጭ ስል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንስቼ እያየሁት የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ደነገጥኩ። ብርድ ልብሱ ደግሞ አጠገቤ ነበር።»

«አዲሱን ፍሬም እኮ እኔ ነኝ ከኪሴ የገዛሁት!»

«አውቃለሁ።»

«ስንገዛ አብረኸን መጥተሃል!» አልኩ እኔ። «ቡናማው ፊትህን ያሳምረዋል ብለህ የመረጥከው አንተ ነህ!»

«ያሳምርሃልም» አለ።

እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ በየመሃሉ ግን ትከሻውን ትመታዋለች። የቀረው መንገድ ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ አላውቅም። ተራራም ነበረ ይባላል። ፍርዱ ግን ሳንደርስ ተሰጠ፦ የደርሶ መልሱ ነዳጅ በሱ፣ ከባድ ካርቶን ማውጣት በሱ፣ የራሰውን ወንበር ማድረቅ በሱ። ይቅርታም ተጨመረበት። ቡቺ በእርጅና ከሞተ ስለቆየ ሚጣ ወኪሉ ሆና ትቀበል ተባለ። ውሻ በድመት ሲወከል ምን እንደሚል እንጃ።

አዲሱ ቤት ደርሰን ሚጣን መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ አስገባናት። ቤቱ በአንዴ እንዳይበዛባት ነው። የሳጥኑ በር ቢከፈትም ንቅንቅ አላለችም። ሹፌራችን ተንበርክኮ «ሚጣዬ፣ በቡቺ ስም ይቅር በይኝ» አላት። ብዙ አስጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወጣች፤ የበሩን ጠርዝ በጉንጯ ታከከች፣ ቀጥሎ አንዱን ካርቶን፣ ቀጥሎ የሱን ጫማ።

«ይቅር ብላኛለች!»

«ምን ይቅርታ አለ» አልኩት። «ድመት ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የራሷ ሽታ ያለበት ነገር ያረጋጋታል። ጫማህን ንብረቷ አድርጋ እያስመዘገበች ነው።»

«ትውሰደው» አለ፤ ወደ ሶፋው እያዘገመ። «አንተ ግን መነፅርህ የት እንዳለ መጀመሪያ ንገረኝ። ልቀመጥ ነው።»