እናቴ «የልጁን መርፌ ይዘሻል?» ያለችኝ ቀን

ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ለመመስከር ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ፣ እንባዬ እየቀደመኝ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ዝም ማለት ውለታውን መደበቅ ሆኖ ስለተሰማኝ እጽፈዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት እንኖራለን። ልጅ ለማግኘት 7 ዓመት ጠብቀናል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶብኛል። እንደ ሐና ስለ ልጅ የለመንሁት ልመና በመጨረሻ ተሰምቶ ወንድ ልጅ ታቀፍሁ። በ11 ወሩ ግን የተቀቀለ እንቁላል ባቀመስሁት ዕለት ፊቱ አብጦ ሰውነቱ በሽፍታ ተሸፈነ፤ ሐኪሙም አለርጂው ከባድ መሆኑንና ከዚያ ቀን ጀምሮ አለርጂው ሲነሣበት የምንወጋው የአድሬናሊን መርፌ ከእርሱ መለየት እንደሌለበት ነገረን። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ። «ከ7 ዓመት በኋላ የሰጠኸኝን ልጅ ለምን በአንድ ቁራሽ የሚሞት አድርገህ ሰጠኸኝ?» አልሁት። ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውሁም፣ እጄንም አነሣ ነበር፤ ልቤ ግን ተዘግቶ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ልጃችን 4 ዓመት ሲሞላው፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት ወደምትማርበት ወደ ኦሳካ ለእረፍት ሄድን። እህታችን (እግዚአብሔር ብድራትሽን ይክፈልሽ) ልጁ እንቁላል መብላት እንደማይችል በጃፓንኛ የሚገልጽ ካርድ ጽፋ፣ አስጠርዛ ሰጠችን። በጃፓን ታሽጎ በሚሸጥ ምግብ ላይ እንቁላል መኖሩ በግዴታ ይጻፋል፤ መንገድ ዳር ትኩስ እየተሠራ የሚሸጠው ግን ያ ግዴታ ስለሌለበት፣ በየድንኳኑ ካርዱን እያሳየን እንጠይቅ ነበር። ሻጮቹ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያነቡታል፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ክንዳቸውን አጣምረው እንደማይሆን ያሳዩናል። ታኮያኪ የተባለው፣ በውስጡ የኦክቶፐስ ሥጋ ያለበት ድቡልቡል ጥብስ ሊጡም በእንቁላል የሚቦካ፣ በላዩም ማዮኔዝ የሚፈስበት ስለሆነ ልጃችን በሩቁ ብቻ ነበር የሚያየው። ከሩዝ ዱቄት ተድቦልቡሎ፣ በእንጨት ተሰክቶ፣ በስኳርና በአኩሪ አተር ስልስ የሚቀባውን ዳንጎ፣ እንዲሁም የተጠበሰ በቆሎ ግን እየበላ በደስታ ይዘል ነበር። እንደ ሌሎች ልጆች መንገድ ላይ ገዝቶ ሲበላ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበርና እጅግ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን፣ የኦሳካው ሳንቲም ማምረቻ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ግቢውን ለሕዝብ ከፍቶ የሳኩራ (የቼሪ ዛፍ) አበባዎቹን ወደሚያሳይበት ስፍራ ለመሄድ ከሆቴል ወጣን። አበባ አይተን ቶሎ እንመለሳለን ብዬ መርፌው ያለበትን ትልቁን ቦርሳ ትቼ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስንደርስ እናቴ ከሐዋሳ ደወለች። በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእርሷ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ «የልጁን መርፌ ይዘሻል?» አለችኝ። እናቴ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። «አዎ» ልላት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ለእናቴ መዋሸት ከበደኝና ተመልሼ አመጣሁት። መንገዱ 20 ደቂቃ ፈጀብን፤ ባለቤቴም አበባው ሳይመሽብን ብሎ አጉረመረመ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግቢው ወጥተን በኦካዋ ወንዝ ዳር በተደረደሩት የምግብ ድንኳኖች መካከል ነበርን። ልጁ ድንጋይ መቀመጫ ላይ ዳንጎውን ይበላ ነበር፤ እኔም ሁለቱን ፎቶ ለማንሣት ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ባለቤቴ ፊቱን ወደ እኔ ባዞረባት ቅጽበት፣ በወረቀት ከረጢት ከያዙት ትናንሽ ክብ ኬኮች አንዱን ፈገግ ብለው ለልጁ ሰጡት። እዚያ ቤቢ ካስቴላ ይሉታል፤ የሚሠራው ከዱቄት፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነው። እኔ ስደርስ ልጁ ውጦታል።

«እማ፣ አፌን ያሳክከኛል» አለኝ። ከንፈሩ ዓይኔ እያየ አበጠ። ቀጥሎ አስመለሰው፤ አንገቱ በሽፍታ ቀላ፤ ጉሮሮውም ፉጨት የመሰለ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። አስተማሪዋ ነርስ «ሰማያዊውን ክዳን ንቀይ፣ ብርቱካናማውን ጫፍ ጭኑ ላይ ተጫኚ» ብላ ያስጠናችኝን ሁሉ ረሳሁት፤ እጄ ክዳኑን መያዝ አቃተው። ያን ጊዜ የጮኽሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ኢየሱስ!» መንቀጥቀጤ ቆመልኝ አልልም፤ በሚንቀጠቀጥ እጄ ላይ የባለቤቴ እጅ መጥቶ አረፈና በሱሪው ላይ አብረን ወጋነው። 3 ቆጠርን። 0.15 ሚሊ ግራም ብቻ ናት።

ከሰው መካከል አንድ ወጣት 119 ደውሎ አምቡላንስ ጠራልን፤ አንዲት ሴት ካፖርቷን አውልቃ መሬት ላይ አነጠፈችና ልጁን አጋድመን እግሩን ከፍ አደረግን። አሮጊቷ ካርዱን ከባለቤቴ እጅ ተቀብለው አነበቡት፤ አንብበውም በጉልበታቸው ወደቁ። ለአፍታ ጠላኋቸው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። እርሳቸው ግን የልጄን ጫማ በደረታቸው አቅፈው እያለቀሱ ነበር፤ አምቡላንሱ እስኪመጣም ከአጠገባችን አልተነሡም።

ሦስቱ ሠራተኞች መጥተው ኦክስጅን አደረጉለት፤ በስልክ በሚተረጉም መሣሪያም በእንግሊዝኛ አነጋገሩን። ነገር ግን አምቡላንሱ አልተነሣም። በዚያ አገር የሚቀበል ሆስፒታል በስልክ ከተገኘ በኋላ እንደሚነሡ አላወቅሁም ነበርና መኪናው በቆመበት ሳለ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። የዘጋሁት ቁጣ ሁሉ በዚያ ገነፈለ። «7 ዓመት አስለምነኸኝ፣ እዚህ ልትወስደው ነው? ትሰማለህ ወይስ አትሰማም?» አልሁት፤ በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በእንግዶች ፊት። ለዓመታት እንዲህ እውነተኛ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። መልስ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ነገር ግን ከልጅነቴ የማውቀው «በመከራ ቀን ጥራኝ፥ አድንህማለሁ» የሚለው ቃል ሳልፈልገው በአፌ ላይ መጣና መላልሼ አልሁት። መኪናውም ተነሣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሽፍታው ደብዝዞ፣ ፉጨቱም ቀንሶ ነበር። ሐኪሟ ግን ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሌሊቱን እንዲያድር አዘዘች። እውነትም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ዐረፍን ባልንበት ጊዜ፣ ያ ድምፅ ተመለሰ። ነርሶቹ ሮጡ፤ አድሬናሊን ደገሙለት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት ስቆጥር «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» የሚለው ጥቅስ ትዝ አለኝ፤ እልፍ ጊዜ የዘመርሁት፣ እስትንፋስ ምን እንደሆነ ግን ያልገባኝ ጥቅስ። እህታችን ከዩኒቨርሲቲዋ ሮጣ መጥታ እስኪነጋ የሐኪሞቹን ቃል ስትተረጉምልን፣ ባለቤቴም ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ አደረ።

ንጋት ላይ ልጁ ዓይኑን ከፍቶ ሩዝ ጠየቀ።

ያችን እናት ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ስማቸውንም አላውቅም። ጥላቻዬን ከልቤ ነቅሎ የጣለልኝ ጌታ እርሳቸውንም ከጸጸት እንዲያሳርፋቸው በየዕለቱ እለምነዋለሁ።

በኦሳካ እኩለ ቀን፣ በሐዋሳ ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን ለእናቴ ደወልሁ። ሁሉን ነገርኋት፤ ከዚያም «እማዬ፣ ትናንት ስለ መርፌው ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ስጸልይ አፌ ላይ መጣ» አለችኝ። ከዚያ ያሰማችው እልልታ ከስልኩ አልፎ በክፍሉ ሲያስተጋባ፣ ነርሷ ደንግጣ በሩን ከፈተች፤ ልጄም አልጋው ላይ ሆኖ «አያቴ ናት» አላት።